ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና መጻሕፍቶቻቸው

መልካም መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። መጽሐፉን ከድኖ በሣጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ አለዚያም ያነበበውን ለወዳጁ ያጫውታል፣ መጽሐፉንም ያውሰዋል። የፊተኛው ሰው ዕውቀት ከራሱ አያልፍም። የኋለኛው ሰው ዕውቀት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይበዛል። በተለይም እውነተኛ ነገርን የሚተርኩ መጻሕፍት፣ ማለት የሕይወት ታሪክ፣ የጉዞ ታሪክና ሰው ስለ ራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ፣ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፉ በቀር የተጻፉበት ዓላማ አይፈጸምም። ከዚህ ቀጥሎ የምናነበው ከዕድሜያቸው ብዙውን ክፍል ለዚህ ሥራ ያዋሉ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። እኒህ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ኅሩይ ማለት በግእዝ ቋንቋ የተመረጠ ማለት ነው። እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ተማሪዎች ትምህርት የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶና ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ፣ ትምህርቱን ለመግፋት የፈለገ እንደ ሆነ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ይሄድ ነበር። መምህሩ የሚያውቀውን በቃሉ ይነግራል፤ ተማሪውም ደጋግሞ በማጥናት በልቡ ይይዛል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ የሰው አእምሮ የዕውቀት ማኅደር ነበር ለማለት ይቻላል። ኅሩይም በዚህ መንገድ ካለፉ በኋላ በእንጦጦ ራጉኤል ደብር ትምህርታቸውን ቀጠሉ። የግእዝ ዕውቀታቸውና የጽሕፈት ችሎታቸው እየታወቀ ሄደ።

ኅሩይ ያደጉበትን ዘመን ለመረዳት በዚያን ጊዜ መጽሐፍ እንዴት ይገኝ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበር። ብራና የሚሠራው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ሲደርቅ ጸሐፊው ከመቃ በተቀረጸ ብርዕ፣ ራሱ ባዘጋጀው ጥቁርና ቀይ ቀለም ይጽፍበታል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልግ ነበር። በዚህም ምክንያት መጽሐፍ እጅግ ውድ ዕቃ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይጠበቅ ነበር። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን፣ የሸጠውን ወይም የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ጥበቃ መጻሕፍቱን ከጥፋት አድኗቸዋል። ነገር ግን ያው ጥበቃ መጻሕፍቱን ከአንባቢ አርቋቸው ነበር። በአንድ ደብር ያለ መጽሐፍ በሌላው ደብር ያለ ሊቅ ስለ መኖሩ እንኳ ላይሰማ ይችላል። አገሪቱም ስንትና ምን ዓይነት መጻሕፍት እንዳሏት በአንድነት የሚያሳይ በቀላሉ የሚገኝ መዝገብ አልነበራትም። ያልተቈጠረ ሀብት ደግሞ ሲጠፋ አይታወቅም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከየቦታው ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ከሦስት መቶ የሚበልጡት ተወስደው ወደ ለንደን ሄደዋል። ከዚያም በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት እነዚህን መጻሕፍት እየቈጠሩ ዝርዝራቸውን አሳተሙ። የኢትዮጵያ አንባቢ ግን በገዛ አገሩ የቀሩትን መጻሕፍት በዚያ ልክ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ኅሩይ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛው ጆርጅ ዘውድ በጫኑ ጊዜ፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የተመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ወደ ለንደን ሲጓዝ ኅሩይ አብረው ሄዱ። በጊዜው ዕድሜያቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ነበር። ከዚህ ጉዞ በኋላ በ1904 ዓ.ም. አንድ ትንሽ መጽሐፍ በአዲስ አበባ አሳተሙ። መጽሐፉ ታሪክ አይተርክም፤ ግጥምም የለበትም። በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ስም የሚዘረዝር ነበር።

ለአንዳንድ ሰው የስም ዝርዝር ማሳተም ከንቱ ድካም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩን በጥልቅ ለሚመለከት ግን ዝርዝሩ ለአንባቢዎች ሁሉ የተላከ ጥሪ ነው። በጎጃም ያለ የቅኔ መምህር ዝርዝሩን ባየ ጊዜ ከዚህ በፊት ስሙን ሰምቶት የማያውቀው መጽሐፍ መኖሩን ይረዳል። ተማሪውም የትኛውን አንብቦ የትኛው እንደሚቀረው ይመዝናል። መጽሐፉ ያለው ሰው ደግሞ ሀብቱ በሌላ ዘንድ የሚፈለግ መሆኑን ያውቃል። ኅሩይ በዚህ አላቆሙም። ዝርዝሩን አስፋፍተው በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት የያዘ ካታሎግ በ1920 ዓ.ም. እንደገና አሳተሙ። በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ባለፉት ዐሥራ ስድስት ዓመታት ውስጥ የአማርኛ ኅትመት በእጅጉ ተስፋፍቶ ነበር። ለዚህ መስፋፋት ካገዙት ሰዎች አንዱ ራሳቸው ኅሩይ ነበሩ።

በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ የአማርኛ መጽሐፍ ማሳተም ቀላል ሥራ አልነበረም። ከታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከአገር ውጭ ወይም በሚሲዮኖች ማተሚያ ቤቶች የተዘጋጁ ነበሩ። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮም ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ የኅትመት ሥራ የሚከናወነው ከእርሳስ የተቀረጹ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ በመደርደር ነው። በሃያ ስድስት ፊደላት የሚጽፈው የእንግሊዝ ሠራተኛ ጥቂት መደብ ይበቃዋል። የአማርኛው ፊደል ለቃሚ ግን የሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ሰባት ሰባት ድምፅ፣ ማለት ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ቅርጽ ከነዲቃሎቹ ለይቶ ማወቅና በየመደቡ ማስቀመጥ ነበረበት። አንድ ገጽ ለመደርደር ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ካቋቋሙ በኋላ ሥራው እየተፋጠነ ሄደ። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ኅሩይ ደግሞ በበኩላቸው «ጎሐ ጽባሕ» የሚባል የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ጎሐ ጽባሕ ማለት የንጋት ወጋገን ማለት ነው። ስለዚህ ኅሩይ መጻሕፍትን የሚቈጥሩ፣ የሚጽፉና የሚያትሙ ሰው ሆኑ። በሕይወታቸው ሳሉ የጻፏቸውና ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ከሃያ ይበልጣሉ። ከነዚህም ውስጥ ምክር፣ ልብ ወለድ ታሪክና ግጥም ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ምንባብ የምንመለከታቸው እውነተኛ ታሪክ የሚተርኩትን ነው።

በ1915 ዓ.ም. ኅሩይ «የሕይወት ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ለማን እንደ ተጻፈ ርእሱ ራሱ ይገልጻል፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን የሰውን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍት አልነበሩም ለማለት አይቻልም። የቅዱሳንን ተጋድሎ የሚናገር ገድል፣ የነገሥታትን ሥራ የሚናገር ዜና መዋዕል ከጥንት ጀምሮ ይጻፍ ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ወይም ንጉሥ ያልሆነ ሰው ሕይወቱ በመጽሐፍ የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ነበር። የኅሩይ መጽሐፍ ከነገሥታቱ ጋር መኳንንቱን፣ ካህናቱንና ሊቃውንቱን ጭምር በአጭር በአጭሩ ያስተዋውቃል። አንባቢው የአንዱን ሰው ታሪክ ባጭር ጊዜ አንብቦ ወደ ሌላው ይሻገራል።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሽማግሌ ሲሞት የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይሞታል። የአንድ ሰው የትውልድ ስፍራ፣ የተማረበት ቦታ፣ የሠራው ሥራና የሞተበት ዘመን ካልተጻፈ ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች የኅሩይን መጽሐፍ ደጋግመው የሚገልጡት ሌላ ቦታ የማያገኙትን ስለሚያገኙበት ነው።

በአንጻሩ የመጽሐፉን ጕድለት መሸሸግ አይገባም። አጭር ታሪክ የሰውን ውስጣዊ ሐሳብና ችግር ለመግለጽ አይበቃም። ደግሞም በዚያ ዘመን በተጻፉ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ የገበሬው፣ የሸማኔው፣ የአንጥረኛውና የቤት እመቤቷ ኑሮ እንደ ታላላቆቹ ሰዎች ኑሮ ቦታ አላገኘም። ይህንን ክፍት ቦታ መሙላት በኋላ ዘመን ለተነሡት ልጆች የተረፈ ሥራ ነው።

ኅሩይ በቃል ብቻ የነበረውንም ሀብት ወደ መጽሐፍ ለማሻገር ደክመዋል። በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት የቅኔ መጽሐፍ የቀደሙትና የኋለኞቹ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የተቀኟቸውን ቅኔዎች የሰበሰበ ነው። ቅኔ አንድ ጊዜ በማኅበር መካከል ተዘርፎ ካልተያዘ ይጠፋል። ባለ ቅኔው ቢሞት፣ ሰሚውም ቢረሳ የሚመልሰው የለም። ኅሩይ በየቅኔ ቤቱ በተማሪዎች ልብ ተበታትኖ የነበረውን ለማንኛውም አንባቢ እንዲደርስ አደረጉ።

ከኅሩይ ሥራዎች መካከል ልዩ ስፍራ ያላቸው የጉዞ መጻሕፍቶቻቸው ናቸው። በመንግሥት ሥራ ምክንያት ብዙ አገር አይተዋል። በ1911 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በ1915 ዓ.ም. ስለ ልዕልት ወይዘሮ መነን የኢየሩሳሌምና የምስር ጉዞ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን በጐበኙ ጊዜ ተከትለው ሄደው፣ የመንገዱን አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ ተረኩ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ወደ ጃፓን ተልከው ነበርና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የጉዞ መጽሐፍ ጨመሩ።

የእነዚህን መጻሕፍት ዋጋ ለመገመት የያኔውን አንባቢ ማሰብ ይገባል። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ስለ መርከብ፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ትልልቅ ትምህርት ቤቶችና ስለ ሩቅ ሕዝቦች ልማድ የሚነግራቸው የገዛ አገራቸው ሰው ማግኘት ለእነርሱ አዲስ ነገር ነበር። ተጓዥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያየውን ለራሱ መደሰቻ ያደርገዋል፤ ሌላው ግን ላላዩት ሰዎች ስንቅ አድርጎ ያመጣዋል። ኅሩይ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ።

የጃፓኑ መጽሐፍ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስገርማል። በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ምሁራን ብዙዎቹ ጃፓንን በአድናቆት ይመለከቷት ነበር። ጃፓን ነጻነቷን ሳታጣ፣ የራሷን ልማድ ሳትጥል በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በትምህርትና በኢንዱስትሪ ስለ በለጸገች ለኢትዮጵያ ምሳሌ ትሆናለች ብለው ያስቡ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንኳ የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአብነት ተከትሎ ነበር። ኅሩይም ይህን አስተሳሰብ ከሚደግፉት አንዱ ነበሩ። መጽሐፋቸው ወደ ጃፓንኛ ስለ ተተረጐመ፣ ጃፓናውያን አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ አገራቸው የተናገረውን በገዛ ቋንቋቸው ሊያነቡ ቻሉ።

ነገር ግን ተስፋው ሁሉ አልተፈጸመም። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የጃፓን መንግሥት ከኢትዮጵያ ጎን አልቆመም፤ እንዲያውም በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠ። ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። እውነተኛ ነገር የሚተርክ መጽሐፍ ሁሉ የጸሐፊውን ተስፋና አመለካከት ይዞ ይመጣል። ጸሐፊው ያየውን በታማኝነት ቢጽፍም የወደፊቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ መጽሐፍን ለጓደኛ ማስተላለፍ ማለት የተጻፈውን ሁሉ ተቀበል ማለት አይደለም፤ አንብብና አብረን እንመርምረው ማለት ነው።

ኅሩይ የረጅም ጊዜ ድካማቸው ፍሬ የሆነውን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በማሳተም ላይ ሳሉ ጦርነቱ ደረሰ። ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር መጨረሻ አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ ኅሩይ አብረው ተሰደዱ። የታሪክ መጽሐፋቸው ለአንባቢ ሳይዳረስ ቀረ፤ ከጥቂት ቅጂዎች በቀርም አልተረፈም። መጻሕፍትን ከመጥፋት ለማዳን ሲደክሙ የኖሩት ሰው የገዛ መጽሐፋቸው በጠላት እጅ ሲወድቅ ለማየት ተገደዱ።

ስደቱ ሌላም ኀዘን አመጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ታላቅ ጭፍጨፋ አደረሱ። ከዚያም የተማሩትን ወጣቶች እየፈለጉ ገደሉ። ከተገደሉት መካከል በእንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰው የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ይገኝ ነበር። አባትየው ይህን መርዶ የሰሙት በባዕድ አገር ነው።

በስደት ላይ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በእንግሊዝ አገር ባት በምትባል ከተማ ተቀምጠው ነበር። በዚያች ከተማ ሳሉ ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወታቸውን ታሪክ አስጻፉ። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ለመታተም እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ኅሩይ ግን የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ፣ በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. በዚያው በባት ዐረፉ። በሞቱ ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበር። ኢትዮጵያ ከወራሪው እጅ ነጻ የወጣችው ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ነው።

የሌሎችን ሕይወት ሲጽፉ የነበሩት ኅሩይ የገዛ ሕይወታቸውንም ጽፈው ነበር። ይህ ማስታወሻ በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም። ከጦርነቱ፣ ከስደቱና ከብዙ ለውጥ ተርፎ «የሕይወቴ ታሪክ» በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ከሞቱ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የእጅ ጽሑፉን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የጠበቁት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ማስታወሻው እንደ ብዙዎቹ በጠፋ ነበር። በኋላ ዘመን የተነሡት ልጆች ስለ ልጆቹ ያሰቡትን ሰው ታሪክ በመጨረሻ አገኙት። ያልተሟላ ኅትመት የቀረው የኢትዮጵያ ታሪካቸውም በኋላ ዳግመኛ ለአንባቢ ቀርቧል።

የመጻሕፍት ጉዞ ድንበርና ዘመን የማያግደው መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ነገር በኅሩይ ቤተ ሰብ ውስጥ እናገኛለን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል አንድ የፖርቱጋል ካህን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ያየውን ጽፎ ነበር። ይህ የጉዞ ማስታወሻ ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። ከፈረንሳይኛው ደግሞ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ጆንሰን ካነበበውና ከተረጐመው ማስታወሻ የተነሣ ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ ስቦት፣ ራስላስ ስለሚባል የሐበሻ ልዑል የሚተርክ ልብ ወለድ ታሪክ በ1759 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ከአንድ ምዕት ዓመት ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተረጐሙት።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ከታየው የተነሣ አንድ ማስታወሻ በሦስት የአውሮፓ ቋንቋዎች ዞሮ፣ ሌላ መጽሐፍ ወልዶ ወደ መነሻው አገር ተመለሰ። ሎቦ የጻፈውን ማንም ባያነበው፣ ያነበበውም ለሌላው ባያስተላልፈው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። አንድ አንባቢ ለሌላው የሚያቀብለው መጽሐፍ የት እንደሚደርስ አቀባዩ አስቀድሞ አያውቅም።

ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። እርሳቸው በተወለዱበት ዘመን መጽሐፍ ከሀብታም ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የማይወጣ ዕቃ ነበር። ሲሞቱ ግን በአዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በተማሪ እጅ ይታይ ነበር። ይህ ለውጥ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዳሩ ግን እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች ባይተጉ አይመጣም ነበር። ያለውን ቈጥረው አሳወቁ፤ በቃል ያለውን ሰበሰቡ፤ በሩቅ ያዩትን ለቅርብ ሰው ተረኩ፤ የራሳቸውንም ሕይወት ለሚመጣው ትውልድ ጽፈው ተዉ።

ተማሪም ይህን ሥራ በዐቅሙ ሊሠራ ይችላል። ያነበበውን የሕይወት ታሪክ ለክፍል ጓደኛው ይተርክለት፤ የወደደበትንና ያልተስማማበትን ነገር ይንገረው። የተዋሰውን መጽሐፍ በንጽሕና ይዞ ይመልስ፤ የራሱንም ለማዋስ አይሠሥት። በቤቱ ያሉት አያቶች ያዩትንና የሠሩትን ጠይቆ በደብተሩ ይመዝግብ። ከነዚህ ደብተሮች አንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

መልመጃ

ከዚህ በታች ላሉት ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት በማድረግ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በብራና መጻሕፍት ላይ ይደረግ የነበረው ጥበቃ ምን ጥቅምና ምን ጕዳት ነበረው?

2. ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝርዝር ለአንባቢዎች ጥሪ ነው የተባለው ለምንድን ነው?

3. ገድል፣ ዜና መዋዕልና ኅሩይ የጻፉት ዓይነት የሕይወት ታሪክ በምን ይለያያሉ?

4. ስለ ጃፓን ከተጻፈው መጽሐፍ ታሪክ አንባቢ ምን ሊማር ይገባዋል?

5. ካነበባችኋቸው እውነተኛ ታሪኮች አንዱን መርጣችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ሊያነቡት የሚገባበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ከዚያም በክፍል ውስጥ አንብቡላቸው።